የወርቂቱ ጢም

«ግፊ እንጂ! አንቺ ልጅ፣ የዘመትሽው ጎታ ለማቀፍ ነው እንዴ?»

ይህን የምትለው የወርቂቱ ጎረቤት ዘይነባ ናት፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ የበሬ ቁርበቱን በሁለት እጇ ትጎትታለች። ቁርበቱ ላይ የወርቂቱ ጎታ ተቀምጧል፤ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ያጠረ፣ እስከ ግማሹ የገብስ ዘር የያዘ የጭቃ ጎታ። ከኋላው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የመጣችው ተማሪ ሐረግ የካኪ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጉንጯን ጎታው ላይ ለጥፋ ትገፋለች። ወርቂቱ በጎን በኩል ቆማ አንድ እጇን የጎታው ከንፈር ላይ አሳርፋለች። ላያት ሰው የምትገፋ ትመስላለች። እውነቱን ለመናገር ግን አትገፋም፤ ጎታዋ የት ሄዶ እንደሚቆም በእጇ እየተከታተለች ነው።

ጎታው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ከዚያ ግድግዳ ተላቆ አያውቅም። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር ረግጣ፣ ቀለበት በቀለበት እየደራረበች የሠራችው ራሷ ወርቂቱ ናት፤ ባሏ ካሳ በሕይወት ሳለ፣ ዓይኗም ጤና ሳለ። ያ ክፉ ቀን መጥቶ ላሚቱን፣ በጎቹን፣ በመጨረሻም ካሳን ሲወስድ፣ ጎታው ባዶ ሆዱን ይዞ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀረ። ዘንድሮ መሬት ላራሹ ታወጀ፤ በአቀስታ በኩል በመጣው የእርዳታ እህል ውስጥም ለእያንዳንዱ ጢሰኛ የገብስ ዘር ደረሰው። ጎታው ዳግመኛ ዘር ሲገባበት ወርቂቱ እንደ ልጅ እልል አለች። እልልታውን የሰማች አንዲት አይጥም ጓዟን ጠቅልላ መጣች።

አይጧ ባትመጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ግርግር አይኖርም ነበር። ግድግዳውንና ጎታውን በሁለት ጎኗ ተደግፋ፣ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ስንጥቅ እየገባች የጎታውን እግር ትቦረቡራለች። ወርቂቱ ጠዋት በእበት ስትመርግ፣ አይጧ ማታ ትፈታለች። ድመት እንዳታስመጣ፣ በክፉው ቀን የመንደሩ ድመት ሁሉ ወደ መካነ ሰላም ተሰዶ እዚያው ከተሜ ሆኖ ቀርቷል። መርዝ እንዳታደርግ ዘር ነው።

መላውን ያመጣችው፣ ሳታስበው ቢሆንም፣ ሐረግ ናት። ትናንት ሦስቱም እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ደሴ ትምህርት ቤት ሳለች መምህሯ ስለ አይጥ ያስተማሩትን አነሣች። ልጅቷ የተማረችውን ስትናገር ደስታዋ ከአፏ ይቀድማል።

«አይጥ እኮ ዓይኗ ደካማ ነው፤ የምታየው በጢሟ ነው ማለት ይቻላል» አለች። «ስትሄድ ጢሟን ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ ታደርገዋለች። በጣም ስለምትፈጥን በዓይናችን አንለየውም። እያንዳንዷ ጢም ሥሯ ላይ በነርቭ የተሞላች ናት። የነካችው ሸካራ ይሁን ልስልስ፣ ቀዳዳው ሰውነቷን ያሳልፍ አያሳልፍ፣ ሳትገባ ታውቀዋለች።»

«ሱብሐነላህ!» አለች ዘይነባ። «የኛዎቹ ወንዶች ጢም ለጌጥ ብቻ ነው ማለት ነው?»

«ለዚህ ነው ግድግዳ የምትወደው» ብላ ቀጠለች ሐረግ እየሳቀች። «በአንድ ጎኗ ጢሟ ግድግዳ ካልነካ ልቧ አያርፍም። ሁልጊዜ ጥግ ጥጉን ነው። ባዶ ሜዳ ላይ መውጣት ያስጨንቃታል፣ ምክንያቱም…»

እዚህ ላይ ልጅቷ ወሬዋን በአጭሩ ቆረጠች። ወርቂቱ ድንግጥ አለች፤ የገዛ ግራ እጇ በዚያች ሰዓት ግድግዳው ላይ ነበረና። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ከመደቡ በላይ ያለውን ምርጊት ወደፊት ወደኋላ እየዳበሱ ነበር። ቀስ አድርጋ እጇን አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ዘይነባ ግን አንዱንም ልብ አላለችም። «እንግዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለች እጇን አጨብጭባ። «ጎታውን ከግድግዳ አርቀን ቤቱ መሀል ማቆም ነዋ! እስቲ የሷ ጢም ምን እንደሚደገፍ አያለሁ!»

ወርቂቱ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ? «ደግ ብለሻል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቂቱ ዓይኗን ጭጋግ የጋረደው ከረሃቡ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ማዶ ያለውን ተራራ ወሰደባት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ ከዘንድሮ ጥምቀት ወዲህ ደግሞ ብርሃንና ጥላን ከመለየት በቀር ምንም አልተወላትም። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰውን በድምፁ፣ ሰዓቱን ፊቷ ላይ በሚያርፈው ሙቀት ትለያለች። ምንጭ ስትወርድ የዘይነባን ነጠላ ጫፍ ይዛ ወሬ ታወራለች፤ ዘይነባ ፍቅር ይመስላታል። ፍቅርም ነበር። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው አለላት፤ ከበሩ ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ እንስራው፣ ከእንስራው ወደ ጎታው፣ ከጎታው ወደ ጓዳው። በጣቶቿ ጥግ ጥጉን ይዛ፣ ዓይናማ እንደሆነች ሴት ፈጠን ብላ ትንጎራደዳለች።

የደበቀችውም በኩራት ብቻ አይደለም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አራጌ በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መሬት የሚሰጠው መሥራት ለሚችል ነው፤ አቅም የሌለውን ዘመድ ይጦረዋል» ሲል ሰምታዋለች። ወርቂቱ ያላት ዘመድ ከላላ የሚኖር የካሳ የወንድም ልጅ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው መሬት ላይ ስትለፋ ኖራ፣ መሬቱ የራሷ ሊሆን በተቃረበበት ሰዓት ከላላ ሄዳ የሰው ምድጃ ጥግ ልትቀመጥ? ከዚያስ ሞት ይሻላል ብላለች በልቧ። እና ቀኑ ዛሬ ነው። የማኅበሩ ሰዎች መጥተው ዘሩ አለመበላቱን ያያሉ፤ ከዚያ ማሳ ወርደው ወሰን ያስረግጣሉ። በማኅበሩ ደንብ መሬቱ የሚጸናው ባለቤቱ ወሰኑን በገዛ እግሩ ሲረግጥ ነው።

ጎታው በምሰሶውና በምድጃው መካከል፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ተቀመጠ። ዘይነባ ዞር ዞር ብላ አየችው። «ወላሂ ሙሽራ መስሏል! ድንኳን ብቻ ነው የቀረው» ብላ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ሐረግ ወደ ወርቂቱ ጠጋ አለች። «እትዬ ወርቂቱ» አለች በሹክሹክታ፣ «ከጓዳ ሲወጡ ጎታው በቀኝዎ ነው። ምሰሶውን ካገኙ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀኝ አይጠጉ።»

ወርቂቱ ደሟ ፈላ። «ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም» አለች ልጅቷ። «ለማንም አልነገርኩም፤ አልናገርምም።»

ወርቂቱ የተናደደችው በልጅቷ አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ጊዜ የደበቀችው ነገር በአንዲት አይጥ ወሬ መገለጡ ነው ያበሳጫት። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ብቻዋን የተሸከመችውን ነገር ሌላ ሰው ጫፉን እንደያዘላት ዓይነት ቀለል አላት።

«እንዴት ዋላችሁ ቤቶች!» የአራጌ ድምፅ ከደጅ መጣ።

«ግቡ፣ ግቡ! አቶ ሊቀመንበር፣ ጎንበስ በል፤ ሥልጣንህ ከበሬ ጉበን በላይ ነው!» አለች ወርቂቱ። አራጌና ካሳ አብረው ያደጉ ጢሰኞች ነበሩ፤ እንዲህ ብትለው አይቆጣም። ከሁለት የማኅበሩ ሰዎች ጋር ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ዘይነባም ተከትላቸው ገባች። ሰውየው ጎታውን ሲያይ በሳቅ ፈነዳ።

«ምነው ወርቂቱ፣ ጎታሽን እስክስታ ልታስወርጂው ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ወርቂቱም ሳቀች። እንግዳ በባዶ አፉ አይሸኝምና ቆሎ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ አመራች። ግድግዳዋን ይዛ ከመደቡ ወደ እንስራው በደህና ደረሰች። ከእንስራው ቀጥሎ ግን እጇ የጎታውን ሆድ ሲጠብቅ ባዶ አየር አገኘ። እንደማይኖር ታውቅ ነበር፤ እጇ ግን አላመነም። እንደ ምንም ጓዳ ገብታ ቆሎውን በሰፌድ ይዛ ወጣች። አሁን ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። ሐረግ ጎታው በቀኝ ነው ያለችው ወይስ በግራ? ምሰሶውን በክንዷ ፈለገችው፤ አጣችው፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ከዚያ ልበ ሙሉ ሴት ለመምሰል ፈጠን ብላ ተራመደች።

ጎታው በደረቷ ተቀበላት። ሰፌዱ ተገለበጠ፤ ቆሎው እስከ ምድጃው ድረስ ተበተነ።

አራጌ ተነሥቶ ሲመጣ ሰማችው። ፊቷ ላይ ንፋስ ነገር ተሰማት፤ መዳፉን እያወዛወዘ ነው።

«ምን ታራግበኛለህ? ዝንብ አረፈብኝ እንዴ?»

«ወርቂቱ» አለ አራጌ፣ ድምፁ ከሳቅ ወጥቶ። «አታይም እንዴ?»

ብዙ የተዘጋጀ ውሸት ነበራት፤ ጢሱ ነው፣ ራሴን አሞኝ ነው። ሁሉም ከቆሎው ጋር ፈሰሰባት። «አላይም» አለች። «ፊትህን ካየሁት ዓመት አልፎኛል፤ ብዙም አልጎዳኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዘይነባ አጠገቧ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። «ከእኔም? አንዲት እፍኝ ቆሎ ለሁለት ተካፍለን ያን ቀን ያለፍነው፣ ከእኔም ትደብቂያለሽ?» አለቻት። አለቀሰች፤ ወርቂቱም አብራት አለቀሰች፤ ማፈሯን ያኔ ነው የረሳችው። ከዚያ ዘይነባ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ አራጌ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትተክዛለህ? ዓይን ያላት ሴት በሬ ስትጠምድ አይተህ ታውቃለህ? ያው ሁለት ዓይን አለኝ፤ ልጥመድልህ? የኔንም የሷንም የሚያርሰው ወንፈል ነው። አረሙን ደግሞ በእጇ ትነቅላለች። አረም በዓይን ይነቀላል እንዴ?»

«እኔ መች ጠላሁ?» አለ አራጌ ራሱን እያከከ። «የሰው አፍስ? ነገ ‹ወሰኑን ላልረገጠች ሴት መሬት ሰጠ› ይሉኛል። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን።»

«እረግጠዋለሁ» አለች ወርቂቱ።

«ሰው ሳይመራሽ?»

«ሰው ሳይመራኝ።»

«እንግዲያስ» አለ አራጌ፣ «ከረገጥሽው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ዓይንሽ የሚያወራ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ማሳው ደረሰ። ወርቂቱ በዘይነባ ክንድ ተደግፋ ስትወርድ፣ ግማሹ መንደር ዳር ዳሩን ቆሞ ጠበቃቸው። ትናንት ዝናብ ጥሎ አፈሩ ርሷል፤ የእርጥብ መሬት ሽታ ሲመጣባት ልቧ ሞቀ። ይህን መሬት ታውቀዋለች። የባለመሬቱ አንድ ሰፊ ማሳ ነበር፤ አሁን በዕጣ ለሁለት ተከፍሎ ላይኛው ለእሷ፣ ታችኛው ለዘይነባ ደርሷል።

ሦስቱ ጎን አላስቸገራትም። የዱሮው ወሰን ላይ ማረሻ ያልነካው ሣር አለ፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚቷን እየዳበሰ አብሯት ሄደ። ሣሩ ሲርቃት ወደ እሱ ትጠጋለች፣ ሲበዛባት ትሸሻለች። ግድግዳዋ ማሳ ድረስ የተከተላት መሰላት። ልጆች «እያየች ነው እኮ!» ሲሉ ሰማች፤ ደስ አላት፤ ትንሽም ተንጎራደደች።

አራተኛው ጎን ግን በእሷና በዘይነባ መካከል ያለው ነው። እዚያ ሣርም ድንጋይም የለም፤ የታረሰ ባዶ መሬት ብቻ። ዘይነባ ወዲያኛው ጫፍ ሄዳ ቆመች። ወርቂቱ ከዚህኛው ጫፍ ተነሥታ እሷ ጋ መድረስ አለባት፤ የእግሯ ኮቴ ያረፈበት ወሰን ይሆናል፤ የደረሰችበትም ቦታ ላይ አራጌ ድንጋዩን ያኖራል።

«እዚህ ነኝ ወርቂቱዬ! አብሽሪ!» ብላ ጮኸች ዘይነባ ከሩቅ።

«ድምፅም መምራት ነው!» ብሎ አራጌ ከእሷ ብሶ ጮኸ። «ከእንግዲህ ማንም ትንፍሽ እንዳይል!»

ወርቂቱ የመጨረሻውን የሣር ጉጥ በእግር ጣቷ እንደነካች ቆመች። ከዚህ ወዲያ የሚዳሰስ ነገር የለም። አይጧ ትዝ አለቻት። ጎታው ወደ ቤቱ መሀል ሲሄድባት፣ እሷም ግድግዳው ካለቀበት ላይ እንዲህ ቆማ ይሆናል፤ አፍንጫዋን አውጥታ፣ ልቧ ድው ድው እያለ። የጠላቻትን ያህል አዘነችላት።

«እትዬ ወርቂቱ!» አለ የሐረግ ድምፅ ከኋላዋ። «ጢምዎን!»

«ምን አለች?» አለ አራጌ።

«የትምህርት ነገር ነው፤ አንተን አይመለከትህም» አለች ወርቂቱ፣ ሳቋ እያመለጣት። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው እንዳያይባት ስትሰበስባቸው የኖረችውን አሥር ጣቶቿን ከፊቷ ዘረጋቻቸው። ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ እያደረገቻቸው ወጣች።

የፀሐዩን ሙቀት በግራ ጉንጯ ያዘች። ትልሙ ከእግሯ ሥር እየተሰበረ ይቆጠርላታል። ንፋሱ ከዓባይ በረሃ በኩል ሽቅብ ይመጣል። ከእግሯ ሥር ጭንጫው ይሻክራል፤ ካሳ ሁልጊዜ የሚረግመው፣ ማረሻ የሚሰብረው የላይኛው መሬት ጭንጫ ነው። ምንም አልያዘችም፣ ምንም አልተደገፈችም፤ ግን እየሄደች ነው። ፈርታ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ ፈርታለች፣ ግን ደስታዋ ይበልጣል።

ትንሽ እንደሄደች ጭንጫው ጠፋ። እግሯ ልስልስ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚሰምጥ አፈር ውስጥ ገባ። ቀጥ ብላ ቆመች። ይህ ጥቁር አፈር ነው፤ የታችኛው ማሳ። ቁልቁለቱ ሳታውቀው ስቧት የዘይነባን መሬት ገምሳ ገብታለች። ወደ ላይ ልመለስ ብትል ደግሞ ወዴት፣ ምን ያህል? ከኋላዋ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን እንደያዘ ተሰማት። አንድ ሰው ሳቁን አፈነ፤ ከፊት ለፊቷም ፈጠን ያለ የሰው ኮቴ በእርጥብ አፈር ላይ ጠብ ጠብ ሲል የሰማች መሰላት። ወደ ላይ ለመታጠፍ ወስና አንድ እርምጃ ስታነሣ፣ ጣቶቿ ሰው ነኩ።

አፍንጫ ነው። ላብ ያወረዛው ግንባር፣ በጥድፊያ የተንሸራተተ ሻሽ፣ ትንፋሹን አፍኖ የያዘ አፍ። ከላይ፣ ከጭንጫው ጫፍ ላይ መቆም የነበረባት ዘይነባ።

«አገኘሽኝ!» አለች ዘይነባ እያለከለከች።

«ቀጥ ብዬ ነው የመጣሁት?»

«እንደ ገመድ! ወላ…» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ዘይነባ በግ ስትሸጥ ትዋሻለች፣ ለጎረቤት ትዋሻለች፣ በሐሰት ግን ምላ አታውቅም። «እንደ ገመድ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዋሾ» አለች ወርቂቱ፣ እሷም ዝቅ ብላ። «የቆምኩት ጥቁሩ አፈር ላይ ነው። የአንቺው ላይ። ከላይ ሮጠሽ ነው የወረድሽልኝ።»

«ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል። እኔ የቆምኩት እዚሁ ነው።»

«ወደ ላይ ውጪ፣ ዘይነባ። መሬትሽን አልበላም።»

«አልወጣም። አንቺ ረግጠሽዋል፤ ደንብ ደንብ ነው።»

ወርቂቱ እጇን ይዛ ወደ ላይ ሳበቻት። ዘይነባ እግሯን ተክላ ወደ ታች ሳበቻት። አንደኛዋ ፊቅ ስትል ሌላኛዋ ተከተለች፤ ከሳቁ ብዛት ጭቃው ውስጥ ሊወድቁ ሲሉ ተደጋገፉ። ከኋላ አራጌ የወሰኑን ድንጋይ ሆዱ ላይ ደግፎ እያቃሰተ ደረሰ። ዞሮ ወርቂቱ የመጣችበትን የኮቴ መስመር አየ፤ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረ።

«እናንተ ሴቶች፣ ከበደኝ እኮ» አለ። «የት ላኑረው?»

አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች እየጎተቱ ይስቃሉ። የወርቂቱ ነፃ እጅ ግን እንደተዘረጋ ነበር፤ ጣቶቹ አየሩን ወደፊት ወደኋላ ይዳብሱ ነበር።